ክር የታሰረባት ወፍ



ጠረጴዛው ላይ ያለው ካርቶን ምን እንደሆነ ሳትጠያየቁ አልቀራችሁም። የጫማ ካርቶን ነው። ውስጡ ሦስት ነገር አለ፤ በየተራ አወጣዋለሁ። መጀመሪያ ግን ይህን ካርቶን እንድይዝ ያደረገኝን አንድ ከሰዓት በኋላ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ሳምንት ሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ዓርብ ዕለት ሥልጠናው እኩለ ቀን ላይ አለቀ። የሐረር አውቶቡስ የሚነሣው በማግስቱ ንጋት ላይ ነው። ጓደኞቼ ለልጆቻቸው ልብስ ሊገዙ መርካቶ ወረዱ፤ እኔ በእግሬ ወደ አራት ኪሎ ወጣሁ። ለእንግዳ ሰው የሚመከረው ብሔራዊ ሙዚየም ሄዶ ድንቅነሽን ማየት ነው። እሷን ቀደም ብዬ አይቻት ነበር። ስለዚህ ባዮሎጂ አስተማሪ ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ስሙን እየሰማሁ ገብቼበት ወደማላውቀው ቤት ሄድኩ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ወዳለው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም። የተጀመረው በ1955 ነው። ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ እንዲህ ያሉ መዛግብት በአብዛኛው የተጻፉት በዚያ ስለሆነ ነው።

ትልቅ ቤት አይደለም። የለንደኑን ወይም የፓሪሱን በፎቶ ያየ ሰው «ይኸው ነው?» ብሎ ሊመለስ ይችላል። ትንሽነቱ ግን ለመንገደኛ ጥሩ ነው። ትልቅ ሙዚየም ውስጥ ሰው ይሮጣል፤ ሁሉን ልይ ሲል አንዱንም ሳያይ ይወጣል። እኔ ያን ዕለት የምቸኩልበት ነገር አልነበረኝምና አንድ መስተዋት ፊት ቆሜ ቆየሁ። መቆየቴን ያየች አንዲት ሠራተኛ መጥታ፣ «ጋሼ፣ መምህር ነዎት?» አለችኝ። ነኝ ስላት ከኋላ ካለው ክፍል አንድ መሳቢያ ሳበችልኝ።

መሳቢያው ውስጥ ወፎች በጀርባቸው ተኝተዋል። ክንፋቸው ወደ ጎን ተሰብስቦ፣ እግራቸው ተመሳቅሎ፣ ዓይን በነበረበት ቦታ ነጭ ጥጥ ብቅ ብሎ። እንደ መስተዋቶቹ ውስጥ እንስሳት ሕያው እንዲመስሉ የተሠሩ አይደሉም፤ ለምርምር የተቀመጡ ናቸው። በእያንዳንዷ ወፍ እግር ላይ በክር የታሰረ ትንሽ ወረቀት አለ፤ የጣት ርዝመት የሚያህል። ወረቀቱ ላይ የተገኘችበት ቦታ፣ የቦታው ከፍታ፣ ቀኑ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ያመጣት ሰው ስም ተጽፏል። ጎንበስ ብዬ አንዷን አነበብኩ። ቦታው ኤረር ነበር። የኛው ኤረር፤ ዓርብ ዓርብ ተማሪዎቼን ይዤ የምወርድበት ሸለቆ። ወፏንም አውቃታለሁ፤ ጀርባዋ ፀሐይ ሲመታው ሰማያዊና አረንጓዴ የሚሆን፣ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ የእንጀራ ፍርፋሪ የምትለቅም የዕለት ተዕለት ወፍ ናት። ሺህ ጊዜ አይቻታለሁ። ምንቃሯ በምን ያህል እንደሚታጠፍ፣ የጅራቷ ላባ ስንት እንደሆነ ግን ያየሁት ያኔ፣ ከቤቴ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቄ ነው።

ሠራተኛዋ መሳቢያውን ስትመልስ ያለችኝን አልረሳውም። «ወፏን ብል ቢበላት ወረቀቱ ይመሰክራል። ወረቀቱ ከጠፋ ግን ጋሼ፣ ወፏ ላባ ናት።»

ይህን ስትናገር የታወሰኝ ነገር አለ። ወጣት መምህር ሳለሁ ባስተማርኩበት አንድ ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራው ዕቃ ማከማቻ ውስጥ ከኔ በፊት የነበረ አስተማሪ ለብዙ ዓመት የሰበሰበው ነገር ነበር። በብልቃጥ ፎርማሊን ውስጥ እባቦች፣ የሌሊት ወፎች፣ አንድ ትልቅ እስስት፤ መደርደሪያ ላይ የራስ ቅሎች። መለያ ወረቀቶቹ በሙጫ የተለጠፉ ነበሩና ሙጫው ደርቆ ረግፈዋል፤ የወደቀውን አይጥ ወስዶታል። አንድ ክረምት ክፍሉ ለተሰበሩ ወንበሮች ተፈለገ። ብልቃጦቹ ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ ተቆፍሮላቸው ገቡ። እኔ ቆሜ አየሁ። ተዉ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ርዕሰ መምህሩ «ይሄ ምንድን ነው? ከየት መጣ?» ብሎ ቢጠይቀኝ የምመልስለት አልነበረኝም። ያ ሰው በፀሐይና በዝናብ ዞሮ የሰበሰበው የሃያ ዓመት ልፋት በአንድ ጠዋት አፈር ገባ፤ የጠፋውም ለወረቀት ታስቦ ክር ስላልተገኘለት ነው። ጉድጓዱ የተቆፈረው ወረቀቶቹ በረገፉ ዕለት ነው እንጂ በዚያ ክረምት አይደለም።

አሁን ከካርቶኑ የመጀመሪያውን ላውጣ። ድንጋይ ነው፤ እዩት፣ እያሳለፋችሁ ተቀባበሉት። እዚህ ጎኑ ላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ መስመር ይታያል፤ የባሕር ዛጎል ያተመው ነው። ከሐረር እስከ ድሬዳዋ ባሉት ተራሮች ያለው ነጭ የኖራ ድንጋይ ባሕር ውስጥ የተሠራ ነው፤ ዘመኑም ከ150 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ወደ ድሬዳዋ ስትወርዱ ደንገጎ ላይ መኪናው ቁልቁል ሲጠማዘዝ በመንገዱ የተቆረጠው ገደል እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦ የምታዩት ያንን የባሕር ወለል ነው። እኛ ደጋ ላይ ተቀምጠናል ስንል በባሕር ጭቃ ላይ ነው የተቀመጥነው። ይህን ለልጅ ብታስተምሩት ይሸመድደዋል፤ ድንጋዩን እጁ ላይ ብታደርጉለት ግን ዝም ይላል፣ ከዚያም ይጠይቃል።

ይህ ድንጋይ ግን ወረቀት የለውም። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ አንድ ተማሪ አምጥቶልኝ ጎበዝ አልኩት፣ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት፣ ከየት እንዳነሣው አልጠየቅኩትም። ልጁ የት እንደደረሰ አላውቅም። ስለዚህ ይህ ድንጋይ የሚያምር ድንጋይ ነው፤ ከዚያ በላይ ሊሆን አይችልም። ከየትኛው ንጣፍ፣ ከየትኛው ኮረብታ እንደሆነ ቢጻፍበት ኖሮ አንድ የሥነ ምድር ተመራማሪ ሊጠቀምበት ይችል ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለዚህ ነው ይዤው የምዞረው።

ወረቀት ያላቸው የኛ ነገሮች የት ናቸው ብትሉ፣ ብዙዎቹ ባሕር ማዶ ናቸው። በ1882 ዳግማዊ ምኒልክ፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ በስጦታ ላኩ። እንስሳው ፓሪስ ብዙ አልቆየም፤ ሞተ። ኤሚል ኡስታሌ የተባለ ሊቅ መረመረውና ቀጫጭን መስመር ያለው ይህ የሜዳ አህያ ከሌሎቹ የተለየ ዘር መሆኑን ጻፈ፤ በፕሬዚዳንቱ ስምም ሰየመው። እነሆ ዛሬም በዓለም ላይ የሚጠራው በግሬቪ ስም ነው። በ1900 ደግሞ ካርሎ ፎን ኤርላንገር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ከዘይላ ተነሥቶ በዚህች በኛ ከተማ በኩል አልፎ ወደ አዲስ አበባ ወጣ። በየሰፈረበት ወፍ እየሰበሰበ ነበር የሚሄደው። አገሩ በተመለሰ በጥቂት ዓመት ውስጥ በመኪና አደጋ ሞተ፤ ወፎቹ ግን ፍራንክፈርት በሴንከንበርግ ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል፤ ወረቀታቸው እግራቸው ላይ እንደታሰረ። የምሥራቁ ዝሆናችንም፣ ባቢሌ ያለው፣ በ1907 ሪቻርድ ሊደከር ለንደን ላይ ሆኖ ባወጣለት የዘር ስም ነው በመጻሕፍት የሚገኘው።

እነዚህን ስጠራ በቅሬታ አይደለም። ሰዎቹ ጻፉ፤ ስለጻፉም ከመቶ ዓመት በኋላ ወፎቹ መልስ ይሰጣሉ። አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር፤ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ይደንቀኛል። በ1990 ከእንግሊዝ ካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች አርባ ምንጭ አጠገብ ነጭ ሳር ሜዳ ላይ በመኪና መንገድ ላይ የተደመሰሰች ወፍ አገኙ። ማታ ማታ አቧራ መንገድ ላይ ተኝታ መብራት ሲመጣባት ከሚነሡት ወገን ናት። አካሏ ፈርሷል፤ የሚነሣ ነገር የተረፈው አንድ ክንፍ ነው። ያንን ክንፍ አነሡ፣ የት እንዳገኙት ጻፉ፣ ይዘው ሄዱ። ከሌሎች ጋር ሲያስተያዩት የማንም አልሆነም። በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች፤ የላቲን ስሟም «አንድ ክንፍ ብቻ» ከሚሉ ቃላት የተቀዳ ነው። ሙሉ አካሏ በየትኛውም ሙዚየም የለም። መንገድ ላይ የተጨፈለቀ ነገር ስንት ጊዜ ረግጠን አልፈናል? እነዚያ ሰዎች ከመኪና ወረዱ፤ ወረዱና ጻፉ።

ነገር ግን የሐረር ልጅ ፍራንክፈርት በባጃጅ አይሄድም። የኔ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው።

ሌላም ጭንቀት አለኝ፤ ወረቀትም ይሳሳታል። ይህን ከሐረር ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። በ1753 ካርል ሊኒየስ ቡናን ሲመዘግባት «የዓረብ ቡና» የሚል ስም ሰጣት። አውሮፓ ቡናን ያወቃት ከየመን ወደብ በመጣ ጆንያ ስለሆነ ነው። ዛፏ ግን የበቀለችው በኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ጫካ ነው። ይኸው ሁለት መቶ ሰባ ዓመት ሆነ፤ የሐረር ገበሬ ከማሳው የሚለቅማት ቡና በሳይንስ መጽሐፍ ሁሉ ዓረብ ትባላለች። በግንብ በተከበበው ጀጎል ውስጥ ራምቦ ቤት የምንለውም እንዲሁ ነው። ገጣሚው አርተር ራምቦ ከ1880 እስከ 1891 ባለው ጊዜ ሐረር ሲመላለስ ኖሯል፤ ፎቶግራፍም አንሥቷል። ያ ባለ ቀለም መስኮት የእንጨት ቤት ግን የሕንድ ነጋዴ የሠራው ነው፤ ራምቦ ኖሮበታል የሚያሰኝ ማስረጃም የለውም። ቤቱ ያምራል፣ ውስጡ ያሉት የድሮ ሐረር ፎቶዎችም የሚታዩ ናቸው፤ አስጎብኚዎች ሆይ፣ ይህን ለእንግዳው በግልጽ ብትነግሩት ቤቱ አይቀንስም።

ከአዲስ አበባ እንደተመለስኩ ያደረግኩት ነገር ቢኖር በገዛ ከተማዬ እንደ እንግዳ መዞር ነው። እናንተ ቤታችሁ ስለሆነ አታስተውሉት ይሆናል እንጂ ጌይ ጋር፣ የሐረሪ ቤት፣ ራሱ ሙዚየም ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ነደባዎቹ፣ መቀመጫ መደቦቹ፣ ከፍና ዝቅ ብለው ተደርድረዋል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ይታወቃል። ግድግዳው ላይ ሰፌዱ፣ ሙዳዩ፣ ሳህኑ እያንዳንዱ የራሱ ቦታ አለው፤ አንዱ ከቦታው ቢነሣ የቤቱ እመቤት ከበር ሆና ታውቃለች። ይህን ያህል ሥርዓት የለመደ ሕዝብ ሙዚየም ምን እንደሆነ የሚያስተምረው ሰው አያስፈልገውም።

አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ያደረጉትንም ሁላችሁ ታውቃላችሁ። በየቤቱ እየዞሩ፣ በገዛ ገንዘባቸው እየገዙ፣ የእጅ ጽሑፉን፣ ሳንቲሙን፣ ጌጡን፣ የድሮ ዘፈን የተቀዳበትን የቴፕ ክር ሳይቀር ሰበሰቡ። ዛሬ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ከ1,000 በላይ የእጅ ጽሑፍ አለ፤ የተቀደደው ተጠግኖ፣ ገጹ የረገፈው እንደ ገና ተጠርዞ። የገዛ ከተማቸውን ማንነት ለማወቅ የተነሡ አንድ ሰው ናቸው ይህን የጀመሩት። ዩኔስኮ ጀጎልን በ2006 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው ግንቡንና ቤቱን ብቻ አልነበረም፤ እንዲህ ያለውንም የመጠበቅ ልማድ ነው ብዬ አምናለሁ።

በነዚህ ቤቶች ስዞር ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። በየመስተዋቱ ያየሁት የሰው እጅ የሠራውን ነው። ያ ሰፌድ የተሰፋበት ሣር የት በቀለ? ምን ይባላል? ዛሬስ አለ? ያ የዝሆን ጥርስ ከየትኛው ሸለቆ መጣ? ግንቡ የተካበበት ድንጋይ አንድ ቁራጭ እንኳ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቢያወራን!

ሁለተኛውን ላውጣ። ይህቺ የጃርት ወስፌ ናት። ተጠንቀቁ፣ ጫፏ ይወጋል። ነጭና ጥቁር ተለዋውጦባታል፤ ቀላል ናት፣ እንደ ሸምበቆ። ይህቺ ወረቀት አላት፤ ከኤረር በታች ካለ የማሽላ ማሳ ዳር፣ ራሷ ጃርቷ ጥላት የሄደችውን ነው ያነሣሁት። ወስፌዋን ያመጣሁት ግን ስለ አንድ ዋሻ ለመናገር ነው። ድሬዳዋ ከከተማው በስተ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ገደል ላይ ያለ ዋሻ አለ፤ ፈረንሳዮች ፖርኬፒክ አሉት፤ ጃርት ማለት ነው። በ1929 ቴያር ደ ሻርደንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ አገኙት፣ በ1933 ተቆፈረ፣ የሰው መንጋጋ ስባሪም ወጣበት፤ በ1970ዎቹ ዴዝሞንድ ክላርክ እንደ ገና ቆፈረው። ከዚያ ዋሻ ከወጣው ውስጥ ከ4,000 በላይ ቁራጭ የቀይና የቢጫ አፈር ቀለም አለ፤ ሲመዘን 40 ኪሎ። ዘመኑ ወደ 40,000 ዓመት ነው። ሰዎች እየፈጩ ቀለም ያወጡበት ነበር። ደግሞ ከ400 በላይ ትንንሽ ክብ ቅርፊት ተገኝቷል፤ አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ወደ ዛጎሉ ሲገባ በሩን የሚዘጋበት ነው። መሃላቸው ተበስቷል። ዘላለም አሰፋና ባልደረቦቹ በ2008 ባወጡት ጥናት እነዚህ ለጌጥ የተሰኩ ዶቃዎች ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ጽፈዋል።

እስኪ አስቡት። ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል በማይሞላ መንገድ ላይ፣ ከአርባ ሺህ ዓመት በፊት አንድ ሰው የቀንድ አውጣ በር ሰብስቦ በአንገቱ ሳያንጠለጥል አልቀረም። እኔ በሠላሳ ዓመት ማስተማር ይህን ለተማሪ ያሳየሁበት ቀን የለም፤ የማሳይበት ዕቃ አልነበረኝምና። ዋሻው ውስጥ ገብታችሁ ልቀሙ ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ከቦታው ያለ ፈቃድ የተነሣ ቅርስ ወረቀቱ እንደ ተቀደደ ነው፤ ሁለተኛ አይመለስም። ቀንድ አውጣ ግን በዝናብ ጊዜ በየአጥሩ አለ። የሞተውን ዛጎል አንሥቶ ለልጅ ማሳየት ማንንም አይጎዳም።

ባቢሌን ቶሎ ልለፈው፤ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋልና። በ1970 የተከለለው የዝሆን መጠለያ 6,982 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዝሆኖቹ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ይመላለሳሉ፤ ከባሕር ማዶ የመጣውን ቁልቋል፣ በለስ የምንለውን፣ ከነእሾሁ ይበላሉ። ሐረማያ ሐይቅስ? ይህች ከተማ ውኃውን ስትጠጣ የኖረችው ሐይቅ ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት ያየን እዚህ ብዙ ነን። ኋላ ውኃ ተመልሶ ታይቶበታል። ግን በሙሉነቱ ዘመን ዳርቻው ላይ ከነበሩት ወፎች አንዷ፣ በአንድ ትምህርት ቤት መሳቢያ ውስጥ፣ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት ታስሮላት ብትገኝ ዛሬ ምን ያህል በተነገረን ነበር!

አሁን ሦስተኛው። አትሸሹ፤ ደርቋል፣ በፕላስቲክም ታሽጓል። ነጭ ነው፣ ኖራ የመሰለ። የጅብ ኩስ ነው። የነጣው አጥንት ስለሚበላ ነው፤ አጥንቱ ውስጥ ያለው ካልሲየም ነው ነጭ የሚያደርገው። ጅብ ስሙ ከውሻ ጋር ቢነሣም ዝምድናው ወደ ድመት ወገን ነው። በመንጋው የምትገዛው ሴቷ ናት፤ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ ግልገሏም የእናቱን ማዕረግ ይወርሳል። ይህን ከመጽሐፍ ያገኛችሁታል። የሐረር ሰው ከጅብ ጋር ያለውን ግን መጽሐፍ ዘግይቶ ነው የደረሰበት። ግንቡ ላይ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ፣ ወራባ ኑዱል፣ የተወ ሌላ ከተማ አላውቅም። በአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብለታል፤ አበላሉን አይተው ሽማግሌዎች ዓመቱን ይተረጉማሉ። ማታ ማታ ሥጋ የሚያጎርሱት ሰዎች ጅቡን በስም ይጠሩታል፤ ሥራው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ አይተናል። ማርከስ ቤይንስ ሮክ የሚባል አውስትራሊያዊ ተመራማሪ እዚህ ኖሮ፣ ሌሊት ጅቦቹን ተከትሎ በየመንገዱ ዞሮ በ2015 ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል።

ይህ ነጭ ነገር ምን ሊነግረን ይችላል? በትግራይ ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 ያሳተሙትን ጥናት ልንገራችሁ። የጅብ ኩስ ለቀሙ፤ ከዓቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜ፣ ከጾሙ በኋላ። ውስጡ ያለውን ጸጉር አጥበው በማይክሮስኮፕ አዩ፤ የእያንዳንዱ እንስሳ ጸጉር ቅርፊት የተለያየ ነውና የማን እንደሆነ ይለያል። የተገኘው ምን ነበር? በጾሙ ሃምሳ አምስት ቀን ከብት ስለማይታረድ፣ አጥንትም ስለማይጣል፣ ጅቦቹ ወደ አህያ አደን ይዞራሉ። የአህያ ጸጉር በጾሙ ጊዜ ከቀድሞው በእጥፍ በላይ በዛ። የሰው ጾም በጅብ ኩስ ውስጥ ተጽፎ ተገኘ። ይህ የተቻለው በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ቀን ስለተጻፈ ነው። ቀን ባይጻፍ ኖሮ ሁሉም አንድ ክምር ኩስ ነበር።

እንግዲህ የሐረርን አስቡት። ሁለት ጾም ባለበት ከተማ፣ ረመዳን በየዓመቱ ወቅት በሚቀይርበት፣ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ሥጋ ቤት ባለበት፣ ጅቡም በሰው እጅ በሚጎርስበት፣ ያ ኩስ ምን ይላል? ይህን የሚመልስ ማይክሮስኮፕ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን አለ። ጓንት ያስፈልጋል፤ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ያለ ጓንት እንዳይነካ አደራ። ፖስታ ያስፈልጋል። እርሳስ ያስፈልጋል፤ እስክርቢቶ በእርጥበት ይፈስሳል፣ እርሳስ አይለቅም። አዲስ አበባ ያየኋቸው ወረቀቶች አንዳንዶቹ በእርሳስ የተጻፉ ናቸው።

የምለምነው ሕንፃ አይደለም። አንድ ቁም ሣጥን ነው፤ በትምህርት ቤት ወይም በባህል ቤት፣ ቁልፍ ያለው፣ ከፀሐይ የራቀ፣ የብል መድኃኒት በየክረምቱ የሚቀየርበት፣ አንድ መዝገብ ደብተር ያለው። ማንም ምንም አይግደል። የወደቀ ላባ፣ ራሱ የሞተ ጥንዚዛ፣ የረገፈ ቅጠል፣ የሰፌዱ ሣር፣ በፈቃድ የተወሰደ የግንቡ ድንጋይ ስባሪ ይበቃል። ወደ ሐረር የሚመጣ እንግዳም ጅብ ሲበላ ማታ አይቶ ፎቶ አንሥቶ ከሚሄድ፣ ጠዋት ያንን ቁም ሣጥን ከፍቶ የጅብን ጥርስ በቅርብ ቢያይ፣ ከአንድ የሐረር ተማሪ አፍ ስለ ጾሙና ስለ አህያው ቢሰማ፣ አንድ ቀን ሳይጨምር አይሄድም።

የጅቡን ኩስ ወረቀት፣ ቀኑን ዘልዬ፣ ላንብብላችሁ። «ጅብ። ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ ኤረር በር አጠገብ፣ ከወራባ ኑዱሉ አሥር እርምጃ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ትኩስ አይደለም፤ የሌሊቱ ነው። በውስጡ ጸጉር ይታያል፣ አልተመረመረም።» ታች ላይ «በአካባቢው ስም» የሚል መስመር አድርጌበታለሁ። ወራባ ብዬ ጽፌያለሁ፤ ጎኑ በኦሮምኛ ዋራቤሳ፣ በሶማሊኛ ዋራቤ። የጃርቷ ወረቀት ላይ ግን ያንን መስመር ባዶ ትቼዋለሁ፤ አያቶቻችሁ ሲጠሯት የሰማችሁትን እናንተ እንድትጽፉበት ነው። ካርቶኑ እዚሁ ይቆያል። እርሳሱ ውስጡ ነው፣ ተቀርጿል።